ጫፉ ላይ ስላጨበጨቡልን

ለተከበሩ የታላቁ የትርኢት ጥበባት ማዕከል የበላይ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ለጽሕፈት ቤትዎ ሠራተኞች፣ በር ላይ ቆሞ አራት ጊዜ በትሕትና እስከመለሰኝ ጥበቃ ድረስ፣ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። እንቅልፍዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? እኔ እንኳ ደህና ነኝ ብዬ ልዋሽዎ አልፈልግም፤ ግን የእኔ ይቆይና አስቀድሜ የጎረቤቴን ጤና ልንገርዎ፤ ደብዳቤውን ያስጻፈኝ የእሳቸው ጤና ነውና።

ጎረቤቴ ጋሼ ዳኛው ደህና እንቅልፍ ካጡ ዛሬ ስድስተኛ ቀናቸው ነው። ቁርጭምጭሚታቸውን ይበርዳቸዋል፤ ባለቤታቸው ሁለት ካልሲ ቢደርቡላቸውም አልሞቃቸው አለ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ የደም ግፊታቸውን ለካች፣ አላመነችም፣ መሣሪያ ቀይራ ደግማ ለካች፤ ከዚያ ክኒን ጻፈችላቸው። ቤተሰቡን ከጠየቁኝ፣ ትልቋ ልጃቸው በሰላም ተገላግላለች። ሴት ናት፣ ሳንባዋ ጤነኛ መሆኑን መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። አያትየው ግን እጄ ይንቀጠቀጣል ብለው እስከ ዛሬ አላቀፏትም። አጠገቧ ቁጭ ብለው ስትተነፍስ ያዳምጧታል።

እርስዎም ያውቋቸዋል። ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ከወንበርዎ ተነሥተው ያጨበጨቡላቸው ሽማግሌ ናቸው። እውነተኛ ስማቸው ሌላ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአንድ ቴአትር ላይ ዳኛ ሆነው ስለተጫወቱ ሰፈሩ ጋሼ ዳኛው አላቸው፣ ቀረ። በቧንቧ ወረፋ የተጣላ፣ በአጥር የተካሰሰ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ይመጣል፤ ይፈርዳሉ፤ የሕግ ትምህርትዎ የት ነው ብሎ የጠየቃቸው የለም።

እኔ ደግሞ የዚያ የቴአትር ቡድን ልብስ ሰፊ ነኝ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። በትርኢት ሰዓት መጋረጃ ጀርባ ቆሜ፣ ተዋናይ ቃል ሲጠፋው ሹክ እላለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ስንሾካሾክ ስለኖርኩ ለትልቅ ሰው፣ ያውም በጋዜጣ አገር ሁሉ እያነበበው፣ ደብዳቤ መጻፍ አልለመድኩምና አጻጻፌ ቢንጋደድ ይለፉኝ። እስክሪብቶው ከእጄ የሚንሸራተተው በላብ ነው። ፈርቻለሁ። እርስዎንም እፈራለሁ፣ የእርስዎን ጉድጓድ ግን የበለጠ እፈራዋለሁ።

አሁን አንድ ነገር ልጽፍ ነው፤ ከጻፍኩት በኋላ መመለሻ የለውም። ጋሼ ዳኛው አያዩም። ይኸው ጻፍኩት። ስድስት ዓመት ሆናቸው። መስኮቱ በየት በኩል እንዳለ ይለያሉ፤ በመስኮቱ ማን እንደሚያልፍ አይለዩም። ይህንን የምናውቀው ባለቤታቸውና እኛ የቡድኑ አባላት ብቻ ነን። እሳቸው ናቸው ያስማሉን። «ዓይነ ስውር መሆኔ የታወቀ ቀን ሰው ትኬት የሚቆርጠው ዳኛውን ሊያይ አይደለም፤ ዕውሩ ሳይወድቅ እንዴት እንደሚሄድ ሊያይ ነው» አሉን። እውነታቸውን ነው ብለን ዝም አልን።

ታዲያ እንዴት ይጫወታሉ ይሉኝ ይሆናል። በአሮጌው አዳራሻችን፣ ድሮ የጆንያ መጋዘን በነበረው፣ መድረኩ ላይ ምንጣፍ አለ፤ ከምንጣፉ ሥር አናጢያችን የዘረጋው ገመድ አለ። ከመግቢያው እስከ ዳኛው ወንበር አንድ ገመድ ይሄዳል። መታጠፊያው ላይ ቋጠሮ አለው። የመድረኩ ጫፍ ሁለት ክንድ ሲቀረው ሦስት ገመድ ጎን ለጎን ይተኛል፤ ከዚህ ወዲያ የለም ማለት ነው። እኛ ሐዲዱ እንለዋለን። ጫማቸውን የምሠራው እኔ ነኝ፤ ወፍራሙን ሶል አንሥቼ ስስ ቆዳ እሰፋበታለሁ፣ እግራቸው ገመዱን እንዲሰማ። ስለዚህ እግራቸውን ሳያነሡ እየጎተቱ፣ በቀስታ ነው የሚሄዱት። ተመልካቹ ይህንን የዳኛ ግርማ አድርጎ ያዘው። አንድ ጋዜጠኛ የሕግን ክብደት በእግሩ የሚሸከም ተዋናይ ብሎ ጻፈላቸው። ከወንዙ ማዶ ያለው ቡድን ወጣት ተዋናይም ዳኛ ሲሆን እግሩን ይጎትታል፤ ዓይኑ መርፌ ከአሸዋ የሚለቅም ልጅ። ጋሼ ዳኛው ይህን ሲሰሙ እስኪያስላቸው ሳቁ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ክቡር ሆይ፣ ሁለት ሺህ ወንበር ያለው ሕንፃ ስለሠሩልን እናመሰግናለን። እብነ በረዱን በእጄ ዳስሼዋለሁ፤ ቀዝቃዛና ቆንጆ ነው። ሕንፃ የምንጠላ ሰዎች አይደለንም። ከአሳንሰር አንቀሳቃሽ እስከ መጋረጃ ተኳሽ ሰባ ስምንት ሠራተኛ መቅጠርዎን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ከሰባ ስምንቱ አንድም ተዋናይ አለመኖሩን የነገረኝ የእርስዎው መዝገብ ቤት ነው፤ እኔ ስም ተዘልሎ እንዳይሆን ብዬ ሁለት ጊዜ አስነበብኩ። የክብር እንግዳ ማረፊያ ሦስት፣ ልብስ መስፊያ ክፍል ባዶ። እኛ ባለፈው ክረምት ጣሪያችን እያፈሰሰ ዳኛው ጥላ ይዘው ሲፈርዱ ለሦስት ቆርቆሮ ማመልከቻ አስገብተን ነበር። ጥያቄያችሁ ለኪነ ጥበብ ዕድገት በተያዘው ሌላ ሥራ ምክንያት አልተስተናገደም የሚል፣ ማኅተሙ ያማረ መልስ ደረሰን። ማኅተሙ እውነትም ያምራል።

ሁለተኛ፣ ስለ ግብዣው። ሕንፃው አልቆ፣ ወንበሩ ተደርድሮ፣ ጥሪው ተበትኖ ካበቃ በኋላ መድረኩ ላይ የሚቆም ሰው እንደሚያስፈልግ የታወሰው ሰው ማን እንደሆነ ባላውቅም አመሰግነዋለሁ። ወደ ጆንያ መጋዘኑ ደብዳቤ መጣ። ከላይ «በምረቃው ዕለት ታዋቂውን የዳኛውን ቴአትር እንድታቀርቡ በክብር ተጋብዛችኋል» ይላል። ከታች በትንንሹ «ባትቀርቡ የምትገለገሉበት አዳራሽ ለማዕከሉ የወንበር ካርቶኖች ማከማቻነት ይውላል» ይላል። ደብዳቤውን ለጋሼ ዳኛው ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። የታችኛውን ልዝለለው ብዬ አስቤ ነበር። እሳቸው ግን ትንፋሼን ያውቁታል። «ጨርሺው እንጂ» አሉኝ።

ሦስተኛ፣ ስለ ሐሙሱ ልምምድ። ከልምምዱ በፊት ባለው ቀን አናጢያችን ገመዱን ተሸክሞ ወደ አዲሱ መድረክ ሄደ። ወለሉ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ እንደ ውሃ ፊትን የሚያሳይ ነው። ምንጣፍ አይነጠፍበትም ተባለ። ምስማርማ አይታሰብም። ለምኖ ለምኖ ገመዱን በፕላስተር አጣብቆ ሲወጣ መሽቶ ነበር። በማግሥቱ ጠዋት ክቡርነትዎ ይመጣሉ ስለተባለ ጽዳቶቹ ማልደው ገቡ። ገመዱን አዩት። ቆሻሻ መሰላቸው፤ ማን ይፈርድባቸዋል? ከመካከላቸው አንዷ፣ ደግ ሴት ናት፣ አልጣለችውም፤ ጠቅልላ አስራ መጥረጊያዎቹ ክፍል አስቀመጠችው። ለአናጢው የሰጠችው ልምምዱ ካለቀ በኋላ ነው። «ወንድሜ፣ ዕቃህን ረስተህ ነበር» አለችው።

ይህ ሁሉ ሲሆን እኛ አላወቅንም። የተሰጠን ሰዓት ግማሽ ሰዓት ስለነበር ሁሉ ነገር በጥድፊያ ነበር። መብራቱ በራ፤ እኔ ከጎን ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ፣ ጋሼ ዳኛው ካባቸውን ለብሰው ገቡ። በእኛ አዳራሽ ከእኔ እስከ እሳቸው አራት እርምጃ ነው፤ እዚያ ሠላሳ አንድ እርምጃ ነው፣ አናጢው ቆጥሮታል። እግራቸውን ጎተቱ። ገመዱን ሲፈልጉ አየሁ፤ ግራ ሞከሩ፣ ቀኝ ሞከሩ። ከዚያ ገመዱ ትንሽ ወደ ፊት ይጀምር ይሆናል ብለው ነው መሰለኝ ቀጥ ብለው ወደ ፊት ሄዱ። ፊት ለፊት ለሙዚቀኞች የተቆፈረው ጉድጓድ አፉን ከፍቷል። አናጢው በኋላ ለክቶታል፣ ከእኔ ቁመት ሁለት እጥፍ ተኩል ነው፣ ታቹ ሲሚንቶ ነው።

እኔ «ቁሙ» ማለት ነበረብኝ። ይህን የምጽፈው እርስዎን ብቻ ልወቅስ እንዳይመስልብኝ ነው። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን የሚቀጥለው የቴአትሩ ቃል ነው፣ ያውም በሹክሹክታ። «ከሳሽ ይቅረብ» አልኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲቸገሩ ባየሁ ቁጥር ያደረግኩትን አደረግኩ። ሰውየው ወደ ጉድጓድ እየሄዱ እኔ ቃል አቀብላለሁ። ደግሞም አልሰሙኝም። እስከ ዛሬ ልብስ ስሰፋ መርፌው ጣቴን ሲወጋኝ ያ ቃል በራሱ ከአፌ ይወጣል።

ቀኝ እግራቸው ጫፉን አልፎ ግማሹ አየር ላይ ሳለ ቆሙ። በኋላ ስጠይቃቸው «ብርድ ከታች ወደ ላይ ነፈሰኝ፣ መሬት እንዲህ አይተነፍስም» አሉኝ። እግራቸውን መለስ አደረጉ። ከዚያ በኋላ ግን የትኛው ወደ ኋላ፣ የትኛው ወደ ጎን እንደሆነ ጠፋቸው፤ ስለዚህ አልተንቀሳቀሱም። ሌላውን ሁሉ ዘልለው የመጨረሻውን ፍርድ፣ እየተንጎራደዱ የሚናገሩትን ያን ረጅሙን፣ አንዲት ጣት ሳያነቃንቁ አሥራ አንድ ደቂቃ ቆመው ተናገሩት። ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ከጀርባ ሆኜ ካባቸው ከትከሻቸው ወደ ታች ሲርገበገብ እያየሁ ቃሉን ከንፈሬ ላይ አብሬ አልኩት፤ ሌላ ምን እንደማደርግ አላወቅኩም።

አራተኛ፣ ይኸን ጊዜ ነው ክቡርነትዎ የተነሡት። አጨበጨቡ፤ አብረውዎት የመጡትም ሁሉ አጨበጨቡ። «አያችሁ ድፍረት? ጫፍ ላይ ቆሞ፣ እየተንቀጠቀጠ! እኔ ሰውነቴን ወረረኝ» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። እኔንም ወሮኝ ነበር፣ በዚህ ተግባብተናል። ቀጥለውም «በምረቃው ዕለት እዚያችው ላይ ይቁሙልኝ፣ ለካሜራው ያምራል» አሉ። ረዳትዎ ሮጦ መጥቶ ጋሼ ዳኛው የቆሙባትን ቦታ በነጭ ፕላስተር መስቀለኛ ምልክት አደረገባት። ለእግር ገመድ ነውር የሆነው ፕላስተር ለካሜራ ሲሆን ወለሉ ምንም አላለም። ለዚህ ያለዎት የጥበብ ዓይን እጅግ የሚደነቅ ነው። እኔ የካባውን ዘርፍ የማስተካክል መስዬ ገባሁ፣ ክንዳቸውን ይዤ ወደ ኋላ ሳብኳቸው። እጃቸው የሬሳ እጅ ሆኖ ነበር። «እንዴት ነበርኩ?» አሉኝ። «ጥሩ ነበሩ ጋሼ» አልኳቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እቤታቸው ውስጥ እርምጃ ይቆጥራሉ። ባለቤታቸው ከማድ ቤት ሆነው ይሰሙታል፤ ከአልጋ እስከ በር፣ ከበር እስከ አልጋ፣ ሠላሳ አንድ እስኪሞላ በትንሿ ክፍል ውስጥ ይዞራሉ። ቅሩ ስንላቸው «እኔ ከቀረሁ ስምንት ሰው ሜዳ ላይ ይወድቃል» ይላሉ። እኛ ስምንታችን ደግሞ አዳራሻችንን እናድን ወይስ እሳቸውን ጠፍቶናል። ምረቃው የፊታችን ቅዳሜ ነው።

አምስተኛ፣ ስለ መክደኛው። ጉድጓዱ መክደኛ አለው አሉ። ቁልፍ ሲጫኑት ከታች ተነሥቶ ከወለሉ ጋር እኩል ይሆናል። እሰይ ብዬ ሥራ ተቋራጩ ዘንድ ሄድኩ፤ «እትዬ፣ ርክክብ ስላልተፈጸመ መንካት አንችልም» አሉኝ። ጥገና ክፍል ሄድኩ፤ «ማስነሻው ቁልፍ መሐንዲሱ ኪስ ውስጥ ነው፣ መሐንዲሱ አገሩ ገብቷል፣ ጥሩ ሰው ነበር» አሉኝ። ወደ እርስዎ ቢሮ መጣሁ፤ ጸሐፊዎ፣ የኔ እናት እያለች ነው ደግሞ፣ ጉዳዩ በኮሚቴ መያዙን ነገረችኝ። ኮሚቴው የሚሰበሰበው ከምረቃው በኋላ ባለው ማክሰኞ ነው። ጣውላ እናምጣና እኛው እንክደነው ስንል ጣውላ የሕንፃውን ገጽታ ያበላሻል ተባልን። የሰው ገጽታ ግን፣ ክቡር ሆይ፣ ሲሚንቶ ላይ ከወደቀ በኋላ የትኛው ክፍል እንደሚያስተካክለው ማንም አልነገረኝም።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምነው ይህን ነው። ገመዳችንን ለአንድ ቀን ይፍቀዱልን፤ ሲያልቅ እኔው ራሴ ተንበርክኬ ወለሉን እወለውላለሁ። ይህ ካልሆነ ጉድጓዱ በጣውላም በምንም ይከደን። ይህም ካልሆነ እርስዎ ወደ እኛ ይምጡ። አንድ መቶ አርባ ሰው እናስቀምጣለን፣ የፊተኛውን አግዳሚ እንጠርግልዎታለን፣ ዝናብ ከመጣም ጥላ አለን። ሽማግሌው እዚያ ሲንጎራደዱ ቢያዩ ያጨበጨቡት ስለ ምን እንደነበር ይገባዎታል። እኛ ለዓመታት የለመንነው ቆርቆሮ ነበር፤ እርስዎ ጉድጓድ ሰጡን፤ ቢያንስ እንዳንገባበት ይፍቀዱልን።

አዳራሻችን በዚህ ደብዳቤ ምክንያት የካርቶን ማከማቻ ከሆነም ጥፋቱ የእኔ የብቻዬ ነው፤ ሌሎቹ አያውቁም ብዬ እንዳልጽፍ፣ ከጋሼ ዳኛው በቀር ሁሉም ያውቃሉ፤ ግን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በር በተንኳኳ ቁጥር ወረቀቱን ከምሰፋው ጨርቅ ሥር እደብቀዋለሁ። ቢሆንም ቅዳሜ ዕለት ደግሜ ከመጋረጃ ጀርባ ቆሜ ከምንሾካሾክ ዛሬ በዚህ ወረቀት መጮህ ይሻለኛል።

ለሰጡን ክብር፣ ለሰጡን ሠላሳ ደቂቃ፣ ለነጩ መስቀለኛ ምልክትም ጭምር ከልብ እያመሰገንኩ፣ ረጅም ዕድሜ፣ ሰፊ ወንበርና የማያንሸራትት ወለል እየተመኘሁልዎ፣ ለክቡርነትዎ ባለኝ ከፍ ያለ አክብሮትና ከዚያ ከፍ ባለ ፍርሃት እሰናበታለሁ።

የቡድኑ ልብስ ሰፊና ሹክ ባይ

ግልባጭ፦
ለሥራ ተቋራጩ
ለጥገና ክፍል
ለጋዜጣው
ለኮሚቴው፣ ከማክሰኞ በፊት ከተሰበሰበ
ለመሐንዲሱ፣ አገሩ በሰላም ከገባ

ሳይዘነጋ፦ ፖስታውን ሳላሽገው ሰው ስለበዛብኝ ይህችን ልጨምር። መጀመሪያ አናጢው መጣ። ደብዳቤውን ቆሞ አነበበና «ሥራ መፈለግ ልጀምር ማለት ነው» አለኝ፤ ከዚያ ከኪሱ ለፖስታው የሚሆን ቴምብር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረልኝ። ቀጥሎ የእርስዎ ተላላኪ የምረቃውን መርሐ ግብር ይዞ መጣ። ተራ ቁጥር ስድስት ላይ፣ ከቴአትራችን በፊት፣ መብራቱ በሙሉ ጠፍቶ፣ አንድ ብርቱ ብርሃን በክቡርነትዎ ፊት ላይ ብቻ በርቶ፣ ከመጋረጃው ወጥተው ወደ መድረኩ ፊት እየተራመዱ ንግግር እንደሚያደርጉ ይላል። ተላላኪው «አምሮ ተዘጋጅቷል፣ አይደል?» አለኝ። አምሮ ተዘጋጅቷል አልኩት።

መጨረሻ ላይ ጋሼ ዳኛው ግድግዳውን ተደግፈው መጡ። ሳላስፈቅዳቸው ስለጻፍኩ ይቆጡኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ግን ከራስጌ እስከ ግርጌ አነበብኩላቸው፣ አያዩም ያልኩበትንም ሳልዘል። ቀጥሎ ተራ ቁጥር ስድስትን ድገሚልኝ አሉ፤ ደገምኩላቸው። «ያ መብራት ፊት ላይ ሲበራ እግር አይታይም። እኔ ዓይን እያለኝ አውቀዋለሁ። ሰውየው መድረክ ላይ ወጥተው ያውቃሉ?» አሉኝ። የሚያውቁ አይመስለኝም አልኳቸው።

«እንግዲያው እንዲህ ብለሽ ጨምሪላቸው» አሉ። «ብቻቸውን እንዳይወጡ። እኔ መጋረጃው አጠገብ እጠብቃቸዋለሁ፣ እጃቸውን ይዤ አወጣቸዋለሁ፤ ጨለማውን ከእሳቸው እኔ እሻላለሁ። ብቻ እኔም እፈራለሁና አጥብቀው ይያዙኝ።»